ስደተኛ ተማሪን ለመቀበል ኮሌጁ ምን ያሰናዳ?

ስደተኛ ተማሪ የኮሌጁን እንግዳ ተቀባይነት የሚለካው በንግግር ወይም በተሰቀለ ባነር ሳይሆን በሪጅስትራር መስኮት ነው። ሰነዱን የተቀበለው ሠራተኛ ወረቀቱን አገላብጦ «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» ብሎ ከመለሰለት፣ ከዚያ በኋላ የሚደረግለት አቀባበል ሁሉ የዘገየ ነው። በአንድ የመንግሥት ኮሌጅ ሪጅስትራር ጽሕፈት ቤት ለዓመታት ስሠራ ካየኋቸው ስደተኛ ተማሪዎች መካከል ትምህርቱ ከብዶት ያቋረጠ ብዙ አላስታውስም፤ የማስታውሰው በአንድ ፊደል የስም ልዩነት፣ ባልታደሰ መታወቂያ ወይም ባልገባቸው ማስታወቂያ የተሰናከሉትን ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ በአብዛኛው የሚያተኩረው በወረቀት፣ በሰዓት አቆጣጠርና በክፍል ውስጥ ልማድ ላይ ሲሆን፣ የሚመለከተውም በኢትዮጵያ ስደተኞችንና ጥገኝነት ጠያቂዎችን የሚያስተምሩ ኮሌጆችን፣ ዩኒቨርሲቲዎችንና የቴክኒክና ሙያ ተቋማትን ነው።

ሕጉን እስከ መስኮቱ ማድረስ

በቅድሚያ ቃላቱን መለየት ይገባል። በዕለት ንግግራችን ከቀዬው የወጣውን ሁሉ ስደተኛ እንላለን፤ በሕግ ግን ከቤቱ ተነቅሎ በገዛ አገሩ ድንበር ውስጥ ያለው ተፈናቃይ፣ ድንበር ተሻግሮ ጥበቃ የጠየቀውና ጉዳዩ ገና ያልተወሰነለት ጥገኝነት ጠያቂ፣ ጥያቄው ተቀባይነት ያገኘው ደግሞ ስደተኛ ይባላል። ልዩነቱ ለኮሌጁ ትርጉም አለው፤ ጥገኝነት ጠያቂው የሚይዘው ወረቀት ከስደተኛው መታወቂያ የተለየ ስለሆነ መዝጋቢው «ያልተሟላ ሰነድ» ብሎ ሊመልሰው ይችላል። በጥር 2011 ዓ.ም. የጸደቀው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ግን በአንቀጽ 24 ስለ ትምህርት ሲደነግግ ሁለቱንም አንድ ላይ ይጠቅሳል። አዋጁ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ከኢትዮጵያውያን እኩል እንዲስተናገዱ ያዝዛል፤ ከዚያ በላይ ያለውን፣ ማለትም ሁለተኛ ደረጃን፣ ከፍተኛ ትምህርትንና ቴክኒክና ሙያን፣ ያለው አቅም በፈቀደ መጠንና የአገሪቱን የትምህርት ፖሊሲ ተከትሎ እንዲያገኙ ይፈቅዳል።

«አቅም በፈቀደ መጠን» የሚለው ሐረግ ለቸልተኛ ተቋም ጥሩ ማምለጫ ነው፤ ማንም ሳይወስን ሁሉም «አቅም የለንም» ማለት ይችላልና። ማምለጫውን ለመዝጋት የሚበጀው ኮሌጁ በአካዳሚክ ኮሚሽኑ ወይም በሴኔቱ ተወያይቶ በየዓመቱ ስንት ስደተኛና ጥገኝነት ጠያቂ ተማሪ፣ በየትኞቹ ክፍሎች፣ በምን ዓይነት ክፍያ እንደሚቀበል አስቀድሞ ወስኖ በጽሑፍ ማውጣት ነው። ውሳኔው ቀድሞ ከተጻፈ ወረፋ ላይ የቆመው ልጅ ዕጣ በዕለቱ መስኮቱ ላይ በተቀመጠው ሰው መልካም ፈቃድ አይወሰንም።

ቀጥሎ አንድ ገጽ ወረቀት ይዘጋጅ። በገጹ ላይ የስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት የሚሰጠው መታወቂያ፣ የጥገኝነት ጠያቂ ማስረጃ፣ የቤተሰብ ምዝገባ ወረቀት እና ከካምፕ ውጭ የመኖሪያ ፈቃድ ምን እንደሚመስሉ በናሙና ይታይ፤ ከእያንዳንዱ ጎን «ይህ ለምዝገባ ይበቃል» ወይም «ከዚህ ጋር ይህን ጠይቅ» የሚል አንድ መስመር ይጻፍ። ወረቀቱ ላሚኔት ተደርጎ በሪጅስትራር መስኮት በውስጥ በኩል፣ በግቢው መግቢያ የጥበቃ ክፍልና በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ይለጠፍ። ጥበቃውን መርሳት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ዲኑ የፈቀደለትን ተማሪ በር ላይ ያቆመው ጥበቃ ጥፋት የለበትም፣ የነገረው ሰው የለምና። አገልግሎቱ ስደተኞችን በፋይዳ (በብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ) መመዝገብ ስለጀመረ የፋይዳ ቁጥር ያለው ተማሪ ነገሩ ይቀልለታል፤ ነገር ግን ምዝገባው ገና ሁሉንም ያላዳረሰ በመሆኑ ቁጥሩን የግዴታ መስፈርት ማድረግ አይገባም።

የመታወቂያ እድሳት ሌላው ወጥመድ ነው። የስደተኛ ሰነድ የአገልግሎት ጊዜ አለው፤ እድሳቱ የሚዘገየው ደግሞ ብዙ ጊዜ በተማሪው ስንፍና ሳይሆን በቀጠሮ ርዝመት ነው። ኮሌጁ ሲመዘግብ ሰነዱ የጸና መሆኑን ማረጋገጡ ተገቢ ቢሆንም፣ በሴሚስተሩ መካከል ቀኑ ያለፈበትን መታወቂያ ምክንያት አድርጎ ተማሪን ከፈተና አዳራሽ መመለስ ግን አይገባም፤ ለዚህ የኮሌጁ የራሱ የተማሪ መታወቂያ ይበቃል። ይልቁንስ ተማሪው ለእድሳት ሲሄድ «የዚህ ኮሌጅ መደበኛ ተማሪ ነው» የሚል ደብዳቤ በዕለቱ ቢጻፍለት ጉዳዩ ይፋጠንለታል።

ለዚህ ሁሉ አንድ ተጠሪ ያስፈልጋል። ተጠሪው ስሙና የቢሮ ቁጥሩ በግቢው የሚታወቅ፣ በሪጅስትራርና በተማሪዎች አገልግሎት መካከል የሚመላለስ፣ ከስደተኞች አገልግሎትና ከተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ጋር በስልክ የሚገናኝ ሰው መሆን አለበት። አዲስ መደብ መክፈት አያስፈልግም፤ ከነበሩት ሠራተኞች አንዱ በደብዳቤ ይመደብና ሥራው በአፈጻጸም ምዘናው ይካተትለት። በቃል የተሰጠ ኃላፊነት ሰውዬው ዝውውር ያገኘ ዕለት ያበቃል።

ስም፣ የትውልድ ዘመንና የማይሞላ ሳጥን

የእኛ ቅጽ የተማሪውን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ይጠይቃል። ለኤርትራዊውና ለሶማሊያዊው ይህ እንግዳ አይደለም፤ አራት ስም ይዞ የሚመጣው ሱዳናዊ ግን አራተኛውን የት እንደሚያገባው አያውቅም፣ ደቡብ ሱዳናዊውም የክርስትና ስሙን አንዱ ሰነድ ላይ በፊት ሌላው ላይ በኋላ አድርጎ ሊመጣ ይችላል። «መሐመድ» የሚለውን ስም ብቻ በላቲን ፊደል በስንት ዓይነት መንገድ እንደሚጽፉት ያየ መዝጋቢ የምለው ይገባዋል። ዛሬ ቀላል የሚመስለው ልዩነት ተማሪው የመውጫ ፈተና ለመቀመጥ ሲመዘገብ፣ የባንክ ሒሳብ ሲከፍት ወይም ዲግሪው ሲታተም መዘዝ ይዞ ይመጣል።

መፍትሔው አንድ ሰነድ መርጦ በእርሱ መጽናት ነው። የስደተኞች አገልግሎት በሰጠው መታወቂያ ላይ ያለው የላቲን አጻጻፍ ፊደል ሳይለወጥ ይገልበጥ፤ የአማርኛው ደግሞ ተማሪው ስሙን ጮክ ብሎ እየጠራ፣ መዝጋቢው እየጻፈና መልሶ እያነበበለት ይሞላ። ከቀድሞ ትምህርት ቤት ማስረጃ ጋር ልዩነት ከተገኘ ሁለቱም አጻጻፎች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ማስታወሻ በግል ማኅደሩ ይያያዝ። ይህ ከተማሪው ጋር አምስት ደቂቃ ቢወስድ ነው፤ በአራተኛው ዓመት ሲደረግ ግን ወራት ይፈጃል።

የትውልድ ዘመን ከዚህ ይብሳል። የስደተኛው ሰነድ የአውሮፓውያንን አቆጣጠር ይከተላል፣ ቅጹ የእኛን። በ2005 የተወለደ ወጣት ሰነዱ ላይ ያለው ቁጥር እንዳለ ተገልብጦለት በ2016 ዓ.ም. ሲመዘገብ ኮምፒውተሩ የ11 ዓመት ልጅ እንዳደረገው በዓይኔ አይቻለሁ። የተገላቢጦሹም አለ፤ አንዱ ሠራተኛ ወደ እኛ አቆጣጠር የቀየረውን ሌላው እንደገና ቀንሶ ተማሪውን ባለ ሰባት ዓመት ትርፍ ዕድሜ ያደርገዋል። በቅጹ ላይ ሁለት ሳጥን፣ አንዱ «ዓ.ም.» ሌላው «እ.ኤ.አ.» ተብሎ ቢኖር ይህ ሁሉ አይመጣም።

በኢንተርኔት የሚሞላው ቅጽ ደግሞ ክልል፣ ዞንና ወረዳ ሳይመረጥ ወደሚቀጥለው ገጽ አያሳልፍም። ስደተኛው ምን ይምረጥ? አንዳንዱ ካምፑ ያለበትን ወረዳ ይሞላል፣ አንዳንዱ ከዝርዝሩ የመጀመሪያውን ይነካል፤ በኋላ መዝገቡ ሲታይ ኢትዮጵያዊ ሆኖ ይገኝና «አጭበርብረሃል» ይባላል። ቅጹን የሚያስተዳድረው ባለሙያ «ስደተኛ ወይም ጥገኝነት ጠያቂ» የሚል ምርጫ ይጨምርና ይህ ሲመረጥ የወረዳው ጥያቄ እንዲዘለል ያድርግ። የወጪ መጋራት ውልንም በተመለከተ ስደተኛው ይፈርም ወይስ አይፈርም የሚለው ኮሌጁና የትምህርቱ ከፋዮች ከምዝገባ በፊት ተነጋግረው ይቁረጡት።

ማስረጃውን ኤምባሲ አይጠየቅም

የውጭ አገር ማስረጃ ሲቀርብልን የለመድነው አሠራር ባለቤቱን ወደ አገሩ ኤምባሲ ልኮ ማኅተም ማስመታት ነው። ለስደተኛ ይህን መጠየቅ ከስሕተትም በላይ ነው። ሸሽቶት ለመጣው መንግሥት «እዚህ ኮሌጅ ነው ያለሁት» ብሎ እንዲያመለክት ማስገደድ ይሆናልና፣ አገር ቤት የቀረውን ቤተሰቡንም ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል። ኮሌጁ ራሱም በተማሪው ስም ለኤምባሲ ወይም ለቀድሞ ትምህርት ቤቱ መጻፍ የለበትም፣ ተማሪው አውቆ በፊርማው ካልፈቀደ በስተቀር። እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣውና ኢትዮጵያም የተቀበለችው የስደተኞች ስምምነት በአንቀጽ 25 ስደተኛው ከአገሩ ባለሥልጣናት ሊያገኝ የማይችለውን ሰነድና ማረጋገጫ ያስጠለለው አገር እንዲያመቻችለት የሚያዝዘው በዚሁ ምክንያት ነው።

ታዲያ ማስረጃ የሌለውን በምን እንቀበለው? በመጀመሪያ ማስረጃ የሌለው ማን እንደሆነ ይለይ። በጋምቤላ፣ በሶማሌ ወይም በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ካምፖች ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ልጅ የተማረው በኢትዮጵያ ሥርዓተ ትምህርት ነው፣ የተፈተነውም የ12ኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ነው። ውጤቱ ከማንኛውም ተማሪ ውጤት ጋር በአንድ ቋት ስላለ የአቻ ግምት፣ ማለትም የውጭ ማስረጃን ከአገር ውስጡ ጋር የማመዛዘን ውሳኔ፣ አያስፈልገውም፤ ሆኖም ዜግነቱን ብቻ አይተው የአቻ ግምት እንዲያመጣ የሚልኩት መዝጋቢዎች አሉ።

በሌላ አገር ተምሮ የመጣው ጉዳዩ እንደ አገሩ ይለያያል። በኤርትራ የ12ኛ ክፍል ትምህርት የሚጠናቀቀው በሳዋ ወታደራዊ ማሠልጠኛ ሲሆን፣ ከተሰደዱት ወጣቶች ብዙዎቹ የወጡት ሳዋ ከመግባታቸው በፊት ወይም ሳይጨርሱ በመሆኑ የመልቀቂያ ፈተና ማስረጃ ሊኖራቸው አይችልም። ይዘው የመጡትም ቢሆኑ በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት የሽመልባና የሕፃፅ ካምፖች ሲወድሙ ያላቸውን ወረቀት ሁሉ ያጡ አሉ። የሱዳኑ ጦርነት ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የጀመረው በካርቱም ነውና ከዚያ የመጡት ደግሞ ዲግሪያቸውን በመሐል ያቋረጡ፣ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት የሚጽፍላቸው ቢሮ በቦታው የሌላቸው ናቸው።

ለእነዚህ የሚሠራው መንገድ ጊዜያዊ ቅበላ ነው። ያለው ሁሉ ይሰብሰብ፦ በስልክ የተነሳ የውጤት ፎቶ፣ የድሮ የተማሪ መታወቂያ፣ የኮርስ ዝርዝር፣ በካምፕ ትምህርት ቤት የተሰጠ ወረቀት፣ አብረውት የተማሩ ሰዎች የጽሑፍ ምስክርነት። ከዚያ የትምህርት ክፍሉ በጽሑፍና በቃል ፈትኖ የሚመጥነውን ደረጃ ይወስን፤ ተማሪው ለአንድ ሴሚስተር በሙከራ ገብቶ ካለፈ ቅበላው ይጽና። በዚህ መካከል ጉዳዩ ለትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ይቅረብ፤ የአቻ ግምት የመስጠት ሥልጣን የባለሥልጣኑ እንጂ የኮሌጁ አይደለምና፣ ተማሪው አራት ዓመት ከለፋ በኋላ መነሻው ተቀባይነት እንዳያጣ አስቀድሞ በጽሑፍ መጠየቅ ይሻላል። በሱዳን ሦስት ዓመት የተማረን ልጅ ከአንደኛ ዓመት ማስጀመር ለአሠራር ይመቻል፤ ተገቢ ነው ለማለት ግን አልደፍርም። ኮርስ በኮርስ ተፈትኖ የሚያልፈውን ቢያልፍ የእርሱም ሦስት ዓመት፣ የኮሌጁም ወንበር ይድናል።

አራት ሰዓት የትኛው አራት ሰዓት ነው?

በ2016 ዓ.ም. የመጀመሪያ ሴሚስተር፣ ከካርቱም የመጣ አንድ የምህንድስና ተማሪ ነበረን። ከመጣ ሁለት ወር ሆኖታል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከቢሮ ስወጣ በተቆለፈ የመማሪያ ክፍል በር ላይ ካልኩሌተሩንና ሁለት የተቀረጹ እርሳሶች ይዞ ቆሞ አገኘሁት። የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ፣ እንግሊዝኛ እንደማይገባት እያወቀ በእንግሊዝኛ የሚነግራትን በትዕግሥት ታዳምጣለች። ፈተናው «4፡00 ሰዓት» ተብሎ ተለጥፎ ነበር፤ እርሱም ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ደርሷል፣ በእርሱ ሰዓት ማለት ነው። ፈተናው ከተጀመረ ስድስት ሰዓት ሊሆነው ነው፣ መምህሩም በስሙ ትይዩ «ቀሪ» ብሎ ጽፏል። የማካካሻ ፈተና እንዲፈቀድለት ማመልከቻው ከመምህሩ ወደ ክፍል ኃላፊው፣ ከክፍል ኃላፊው ወደ ዲኑ፣ ከዲኑ ወደ ኮሚቴ ሲዞር አንድ ወር ከግማሽ አለፈ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ በኮሚቴው ስንከራከር «ሰዓታችንን ማወቅ ነበረበት» ያለው ሰው አንድ ብቻ አልነበረም።

ለማረም የሚያስፈልገው አንድ መስመር ነው። ማስታወቂያ ሁሉ «ረቡዕ፣ ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት» ከሚለው በታች «ኖቬምበር 22 ቀን 2023፣ 10፡00» የሚል ይጨመርበት፤ ይኸው በእንግሊዝኛም ይጻፍ። «12/03/16» የሚለው አጻጻፍ ግን ጨርሶ ይቅር፤ ለእኛ ኅዳር የሆነው ለእንግዳው ማርች ነውና። የዓመቱ የትምህርት ካላንደርም በሁለቱ አቆጣጠር ታትሞ በመጀመሪያው ሳምንት ይሰጥ፤ የምዝገባ፣ ኮርስ የመጨመርና የመተው (አድ ኤንድ ድሮፕ) እና የመውጫ ፈተና ቀኖች በደማቁ ይታዩበት፤ ጳጉሜን የሚባል ወር እንዳለም ይነገራቸው።

ክፍል ውስጥ

የኮሌጅ ትምህርት ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው ይባላል። በተግባር ግን መምህሩ ስላይዱን በእንግሊዝኛ ያነባል፣ ከዚያም «ማለት ምን መሰላችሁ» ብሎ ነገሩን በአማርኛ ያብራራል፣ ምሳሌውን በአማርኛ ያመጣል፣ ቀልዱንም በአማርኛ ይቀልዳል። ክፍሉ ይስቃል፤ ከኋላ የተቀመጡት ሁለቱ ሶማሊያውያን ሰው ሲስቅ አይተው ፈገግ ይላሉ። ዋናው ማብራሪያ የተሰጠው በዚያች ሦስት ደቂቃ ውስጥ ነበር። ከሌላ ክልል የመጡና አማርኛ ያልለመዱ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎችም ከዚሁ ጋር ይጎዳሉ፤ ስለዚህ ይህን ማስተካከል ለስደተኛ ብቻ የሚደረግ ውለታ ተደርጎ መታየት የለበትም።

አማርኛን ከክፍል ፈጽሞ ማስወጣት የሚቻል አይመስለኝም፤ ብዙዎቹ ተማሪዎች የሚረዱት በእርሱ ነው። የሚቻለው መምህሩ በአማርኛ ያብራራውን ነጥብ ወዲያው በሁለት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር መድገምና በሰሌዳው ላይ ቁልፍ ቃሉን መጻፍ ነው። የቤት ሥራና የፈተና ለውጥ ግን በቃል ብቻ፣ በአማርኛ ብቻ በፍጹም አይነገር። የክፍል ተወካዩ በቴሌግራም የሚልከው መልእክትም እንዲሁ ነው፤ ስደተኛው ተማሪ በቡድኑ ውስጥ መኖሩን ማረጋገጥ የተወካዩ ሥራ እንዲሆን በግልጽ ይነገረው።

የቡድን ሥራ ሲሰጥ «አምስት አምስት ሆናችሁ ተቧደኑ» ማለት ለመምህሩ ይቀልለዋል፣ ውጤቱ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፦ በመጨረሻ ማንም ያልመረጣቸው ሦስት ልጆች ይቀራሉ፣ ሦስቱም ስደተኞች ናቸው። መምህሩ ራሱ ይደልድል፤ በየሦስት ሳምንቱም ይለዋውጥ። በዓረብኛ ተምሮ ለመጣ ተማሪ ደግሞ ችግሩ የዕውቀት ሳይሆን የቃል ነው፤ ኢንተግራልን ያውቀዋል፣ ስሙን አያውቀውም። በእንግሊዝኛና በዓረብኛ ጎን ለጎን የተጻፈ የሙያ ቃላት ዝርዝር ለእያንዳንዱ ትምህርት ቢዘጋጅ በአንድ ሴሚስተር የሚታይ ለውጥ ያመጣል፤ ዝርዝሩን የሚያዘጋጁት የቀደሙት ዓመታት ተማሪዎች ቢሆኑና ለድካማቸው ቢከፈላቸው ደግሞ የተሻለ ነው።

ቱቶሪያል ሲከፈት ለስደተኞች ብቻ አይከፈት። «ለእኛ ያልተደረገ ለእነርሱ» የሚለው ቅሬታ በአስተናጋጁ ተማሪ ዘንድ ቶሎ ይበቅላል፣ ከተማሪውም ኑሮ አንጻር መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። በቴክኒክና ሙያ ተቋማት፣ ለምሳሌ በአዲስ አበባው ነፋስ ስልክ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ፣ ስደተኞችና ኢትዮጵያውያን ሠልጣኞች በአንድ ወርክሾፕ ጎን ለጎን እንዲሠለጥኑ መደረጉ ይህን ለማስቀረት የታሰበ ነው፤ ድጋፉ የተሰጠው ለክፍሉ ሁሉ ነውና አንዱ ሌላውን የሚመቀኝበት ምክንያት ይቀንሳል።

ዶርም፣ ክረምትና ገንዘብ

የዶርም ድልድል ላይ ሁለት ስሕተቶች አሉ። አንደኛው ስደተኞችን ሁሉ በአንድ ብሎክ ማጎር ነው። ሁለተኛው «የአገርህ ልጅ ነው» ብሎ ሳይጠይቁ ማጣመር ነው፤ ከደቡብ ሱዳን የመጣ ኑዌርና ዲንካ፣ ወይም ከሱዳን የመጡ የሁለት ወገን ልጆች፣ የተሰደዱት አንዱ ከሌላው ሸሽቶ ሊሆን ይችላል። ተማሪው ብቻውን ባለበት ቢሮ ተጠይቆ በምርጫው ይደልደል።

ክረምት ሲመጣ ኢትዮጵያዊው ተማሪ ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል፣ ዶርሙም ይዘጋል። ከጋምቤላ ካምፕ ወደ አዲስ አበባ የመጣው ተማሪ ለመመለስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የአውቶቡስ ጉዞና ተመልሶ ለመውጣት እንደገና ፈቃድ ይጠብቀዋል፤ ከካምፕ ውጭ የሚኖረው ደግሞ መግቢያ የለውም። አንድ ብሎክ ለክረምቱ ክፍት ይሁን፣ በግቢው የክረምት ሥራ ላይም ቅድሚያ ይሰጣቸው። ካፌው ሲዘጋ የሚበሉበትን አስቀድሞ ማሰብ አይረሳ።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልልም። በጀርመን መንግሥት ዋና ድጋፍ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ የሚሰጠው ዳፊ ስኮላርሺፕ በኢትዮጵያም ብዙዎችን አስተምሯል፤ ማስታወቂያው ሲወጣ ለሁሉም እንዲደርስ ማድረግና ማመልከቻውን አብሮ መሙላት የተጠሪው ድርሻ ነው። የስኮላርሺፕ ገንዘብ ሲዘገይ ግን ቅጣቱ በተማሪው ላይ መውደቅ የለበትም፤ ከፋዩ ድርጅት የጻፈው ደብዳቤ እስካለ ድረስ ምዝገባና ፈተና ሳይታገዱ ይቀጥሉ።

ታሪካቸውን አለመጠየቅ

የዓለም የስደተኞች ቀን ሰኔ 13 ሲከበር ተማሪዎችን መድረክ ላይ አውጥቶ «እንዴት እንደተሰደድሽ ንገሪን» ማለት ደግነት ይመስላል። አንድ ሰው በረሃ ያቋረጠበትን ሌሊት በመቶ ሰው ፊት እንዲያወጋ የሚጠየቀው ግን ለማን ጥቅም ነው? መናገር የሚፈልግ ራሱ ይጠይቃል። ፎቶም እንዲሁ ነው፤ በኮሌጁ የፌስቡክ ገጽ ላይ ስሙና መልኩ የወጣ ተማሪ አገር ቤት የቀረች እናቱ በእርሱ ምክንያት ልትጠየቅ ትችላለች። ለእያንዳንዱ ፎቶ በጽሑፍ የተሰጠ ፈቃድ ይኑር፣ «አልፈልግም» ያለም ምክንያት አይጠየቅ። የክፍል ስም ዝርዝር በሰሌዳ ሲለጠፍ «ስደተኛ» የሚል አምድ አይኑርበት፣ መምህሩም በስም ጥሪ ላይ አያንሳው።

የምክር አገልግሎት ያለው ኮሌጅ አማካሪው በምስጢር እንደሚሠራና ለፖሊስም ሆነ ለስደተኞች አገልግሎት የሚነግረው ነገር እንደሌለ አስቀድሞ ማስታወቅ ይገባዋል፤ ይህ ካልተነገረ ማንም ደጁን አይረግጥም። በአካባቢው ግጭት ሲነሳ ወይም በድንበር ወሬ ሲናፈስ ደግሞ ዲኑ ነገሩ ዶርም እስኪደርስ ሳይጠብቅ የተማሪዎች ኅብረት መሪዎችን በዚያው ዕለት ጠርቶ ያነጋግር።

የተግባር ልምምድና መሰናበቻ

የአፓረንትሺፕ ጊዜ ሲደርስ ድርጅቶች የቀበሌ መታወቂያ ይጠይቃሉ፣ ተማሪውም ተመልሶ ይመጣል። ኮሌጁ የሚጽፈው ደብዳቤ ተማሪው የተመደበው በኮሌጁ እንደሆነ፣ አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ለስደተኞች የመሥራት መብት እንደሚሰጥና ኃላፊነት የሚወስደው ተጠሪ ማን እንደሆነ በስልክ ቁጥሩ ጭምር ይግለጽ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ይዞ የሄደ ተማሪ ሲመለስ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው፤ ድርጅቶቹ የሚፈሩት ስደተኛውን ሳይሆን ያላወቁትን ሕግ ነው። ለሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ምዘና ሲመዘገቡም ይኸው ደብዳቤ ይሠራል።

ከፍተኛ ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2030 ከስደተኛ ወጣቶች 15 በመቶው በከፍተኛ ትምህርት እንዲገኙ ግብ አስቀምጧል፤ አሐዙ ከጥቂት ዓመታት በፊት 1 በመቶ ነበር፣ በ2023 ወደ 7 በመቶ ደርሷል። በኮሌጅ ደረጃ ግን ቁጥሩን ዝቅ የሚያደርግ አንድ ነገር አለ፦ ተማሪው ሦስተኛ ዓመት ላይ ሳለ ወደ ሦስተኛ አገር የመስፈር ዕድሉ ይደርሰዋል፣ የጉዞው ቀን የሚነገረውም ሳምንታት ሲቀሩት ሊሆን ይችላል። ክሊራንስ ለማስፈረም አሥራ አንድ ቢሮ ሲዞር ቀኑ ይደርስና ያለ ምንም ወረቀት አውሮፕላን ይሳፈራል፤ ከዓመት በኋላ ከካናዳ ወይም ከስዊድን ደውሎ ይለምነናል፣ እኛም «በአካል ቅረብ» እንለዋለን። በውጭ አገር ኮሌጅ የገቡ የእኛ ሰዎች ይህን ያውቁታል፤ እዚያ የሚጠየቀው ውጤት ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱ ኮርስ ይዘት ዝርዝር፣ የክሬዲት ሰዓቱና የውጤት አሰጣጡ መግለጫ ጭምር ነው።

ስለዚህ የትምህርት ክፍሎች የኮርስ ዝርዝራቸውን በእንግሊዝኛ ጽፈው አስቀድመው ለሪጅስትራር ያስረክቡ። የመስፈር ደብዳቤ የደረሰው ተማሪ ሲመጣ ተጠሪው የክሊራንሱን ፊርማ በሁለት ቀን ይጨርስለት፣ ሦስት ኦፊሻል ትራንስክሪፕት በታሸገ ፖስታ ከኮርስ ዝርዝሩ ጋር ይሰጠው፣ አንድ ቅጂም በኢሜይል ይላክለት። ቀሪውን በስልክና በውክልና ማስጨረስ እንዲቻል ከመሄዱ በፊት የፈቃድ ቅጽ ይፈርም፤ የቅጹ ናሙናም እዚያው መስኮት ላይ፣ ከመጀመሪያው ቀን ሰነዶች ናሙና አጠገብ ይቀመጥ።